ልጄ ከመኪናዋ ሥር ከመግባቱ በፊት

የቤታችን ኮሮላ ከመጨረሻው ልጄ በዕድሜ ትበልጣለች። የልጅ ልጆቼን ትምህርት ቤት የምታመላልሰው እሷ ናት። ሰሞኑን ጉድጓድ በነካች ቁጥር ከፊት በግራ በኩል ትንኳኳ ጀመር። የሰፈራችን መካኒክ በክሪክ አነሳት፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ወዘወዘውና «የታችኛው ቦል ጆይንት አልቋል» አለን።

ቦል ጆይንት እንደ ሰው ዳሌ መገጣጠሚያ ነው። ክብ ራሱ በቤቱ ውስጥ እየዞረ ጎማው ግራ ቀኝ እንዲታጠፍ፣ ከፍ ዝቅ እንዲል ያደርጋል። አልቆ ከቤቱ ከወጣ ጎማው ይተኛል፣ መሪውም አይታዘዝም። በዚያው ቀን መኪናዋን አቁመን ልጆቹን በታክሲ መላክ ጀመርን።

ልጄ «አባዬ፣ እኔው እዚሁ እቀይረዋለሁ፤ ለጋራዥ የምትከፍለውን ለዕቃ መግዣ ስጠኝ» አለኝ። እናቱ ሐሳቡን አልወደደችውም። እኔ ደስ አለኝ፤ ገንዘቡ በምን ቅደም ተከተል እንደሚወጣ የምወስነው ግን እኔ ነኝ አልኩ።

እሱ በመጀመሪያ የጻፈው የቦል ጆይንት ማላቀቂያ ነበር። እኔ አንደኛ ያደረግኩት መኪና ተሸክሞ የሚቆም የብረት ድጋፍ ነው፣ ያውም ጥንድ። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ዘይቱ ካመለጠ ይወርዳል፣ ከተንሸራተተም አይመለስም። ብዙዎቻችን ግቢ ውስጥ የምናየው ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። «ለአንድ ቀን ሥራ ይህን ሁሉ?» አለኝ። ለአንድ ቀንም ቢሆን ከሥሯ የሚገባው የእኔ ልጅ ነው።

ከዚያ ወደ ማላቀቂያው መጣን። አንደኛው ዓይነት እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለ ሽብልቅ ነው፤ በመዶሻ ይመታል። ርካሽና ፈጣን ነው፣ ግን ቅባቱን የሚይዘውን ጎማ ይቀድዳል። ለሚጣል ዕቃ ግድ የለም፤ ነገ ለሌላ ሥራ ደህናውን ስትፈቱ ግን ታበላሹታላችሁ። ሁለተኛው ባለ ቡሎን ነው፤ በቁልፍ ሲጠብቅ ገፍቶ ያላቅቃል። ዋጋው ከፍ ቢልም እሱን መረጥን። ሦስተኛ፣ ትልቅና ከባድ ፕሬስም አለ። እንደ አሮጌዎቹ ሆንዳ ሲቪኮች ቦል ጆይንቱ በግፊት ለሚገባባቸው መኪኖች ያስፈልጋል። የእኛው ኮሮላ ላይ ግን ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያያዘው በአንድ ቡሎንና በሁለት ዳዶ ስለሆነ ያ ወጪ ቀረልን። ገበያ ከመውጣት በፊት ጎንበስ ብሎ ማየት ገንዘብ ያተርፋል።

(ክሪክ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፤ የጋራዥ ቋንቋችን ዛሬም ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ልጄ ቪዲዮ እያየ በእንግሊዝኛ ያወራኛል፣ ሻጩ በጣሊያንኛው ይመልስለታል፣ እኔ መሐል ቆሜ አስተረጉማለሁ።)

መርካቶ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ቁልፍ ገዛን፤ ጥሩ ብረት አያረጅም። ቡሶላው ባለ ስድስት ጠርዝ ይሁን አልኩት፤ ባለ አሥራ ሁለቱ የዛገ ዳዶ ጠርዝ ይበላል። ድጋፎቹን ግን አዲስ ገዛን፤ የማን ብየዳ እንደሆነ በማላውቀው ብረት ሥር ልጄን አላስገባም። ቶርክ ቁልፉን መካኒኩ አዋሰን፤ ለዓመት አንዴ የሚነሳ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም።

እሁድ ሲሚንቶው ላይ ሠራው። ዳዶውን ጨርሶ ሳያወጣ ጥቂት ጥርስ አስቀርቶ አላቀቀ፤ ክንዱ ድንገት ወርዶ እንዳይመታው ነው። ሲያስር የኮፒሊያው ቀዳዳ አልገጥም አለ፤ ዳዶውን ትንሽ ጨምሮ አጠበቀ እንጂ አላላውም። ኮፒሊያውም አዲስ ነበር። እናቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እስኪጨርስ አልተነሳችም። ሰኞ መካኒኩ ከሥር አይቶ አረጋገጠልን፣ አላይመንትም አስደረግን።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጎረቤቶች ማላቀቂያውን ሊዋሱ መጥተዋል። ድጋፎቹን የጠየቀ የለም። እኔ ግን አብሬ አሸክማቸዋለሁ።