ለእማዬ እግር የተለካ

እማዬ የስኳር ሕመም እንዳለባት ካወቀች 14 ዓመት ሆኗታል። መርፌውንም የምግብ ጥንቃቄውንም ለምዳዋለች፤ እኛን የሚያስፈራን እግሯ ነው። አምና ጫማዋ ውስጥ የገባች አንዲት ጠጠር ከግራ አውራ ጣቷ ሥር አቆሰለቻት። ቀኑን ሙሉ ረግጣት ስትውል ምንም አልተሰማትም። ቁስሉ ከሦስት ወር በላይ ፈጀ። ሲድን ሐኪሟ «ይህ ቦታ ዳግም ከተከፈተ ጣቱን ልናጣው እንችላለን» አላትና በልኳ የሚሠራ የጫማ የውስጥ ሶል አዘዘላት።

እውነቱን ለመናገር፣ ሶል ሲባል ሱቅ የሚሸጠው ለስላሳ ስፖንጅ ነበር የመሰለኝ። ሐኪሙ ግን ቀጭን የናይሎን ክር አወጣ። ክሩ ውስጥ እግር ላይ ሲጫኑት በ10 ግራም ክብደት ልክ ይጎብጣል። እማዬ ዓይኗን ጨፍና «ሲነካሽ ንገሪኝ» ተባለች። ተረከዟ ላይ ሲነካት ተናገረች፤ አውራ ጣቷ ሥር ሲደርስ ዝም አለች። እኔና እናንተ ብዙ ስንቆም እግራችን ያመናል፣ ሳናስበው ክብደታችንን ወደ ሌላው እናዞራለን። የእሷ እግር ግን ያንን መልእክት አይልክም። ስለዚህ ያው አንድ ቦታ ይረገጣል፣ መጅ ያወጣል፣ ከመጁ ሥር ደግሞ ሥጋው ሳይታይ ይጎዳል። የሶሉ ሥራ በዚያች ነጥብ ላይ የሚያርፈውን ክብደት ለመላው ውስጥ እግር ማካፈል ነው።

ወርክሾፑ ስንደርስ ባለሙያው መጀመሪያ የጠየቀው እግሯን ሳይሆን አሮጌ ጫማዋን ነው። ገልብጦ የት የት እንደተበላ አየ። «እማማ፣ ወደ ውስጥ ነው የሚረግጡት» አላት፤ ገና አንድ እርምጃ ሳትራመድ። ከዚያ ወንበር ላይ አስቀምጦ ሲጫኑት ተሰባብሮ ቅርጽ የሚይዝ ፎም የሞላበት ሣጥን ከእግሯ ሥር አደረገ። እሷ እንድትረግጥ አልፈቀደም፤ ራሱ ጉልበቷን፣ ቀጥሎ ጣቶቿን በቀስታ ተጭኖ እግሯን አሰመጠው። ሲያነሳው ጭቃ ላይ የቀረ ዱካ የመሰለ ጉድጓድ ቀረ። (ሌላ ቦታ ይህን በኮምፒውተር ስካነር ያነሱታል፤ የሚፈለገው ግን ያው ቅርጽ ነው።)

ጉድጓዱ ውስጥ ጄሶ ይፈስሳል፤ ሲደርቅ የእማዬ እግር ነጭ ምስል ይወጣል። በጣም የገረመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቁስሉ በነበረበት ቦታ ምስሉ ላይ ትንሽ ጄሶ ጨመረበት። ምስሉ እዚያ ላይ ሲያብጥ፣ በላዩ የሚቀረጸው ሶል በዚያው ቦታ ይጎደጉዳል፤ የታመመው ቦታ እንዲያርፍ። ከዚያ የፎም ንጣፎች ምድጃ ውስጥ ሞቀው ሲለሰልሱ ምስሉ ላይ ተጭነው ቅርጹን ይይዛሉ፤ ጠንከር ያለው ከታች፣ ለስላሳው ከላይ። ጠርዙ በማሽን ይፋቃል።

ይህ ጥበብ ብዙ የተበደረው ከሥጋ ደዌ ሕክምና መሆኑን ሳውቅ ደነቀኝ። ሥጋ ደዌም የእግርን ስሜት ይወስዳል። ዶክተር ፖል ብራንድ በሕንድ፣ ኋላም በአሜሪካ ከታማሚዎቹ እግር የተማረውን ለስኳር ሕሙማን አውሎታል። በእኛም ከተማ በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምና የተቋቋመው አለርት ለእነዚህ እግሮች ጫማ የሚሠራ ወርክሾፕ አለው።

ሶሉ ሲደርስ እማዬ የምትወደው ጥቁር ጫማ ውስጥ አልገባም። በግድ ቢገባ ጣቶቿን ከላይ ይጨፈልቃል። ባለሙያው ጠለቅ ያለ፣ የራሱ ሶል የሚወጣ፣ በማሰሪያ የሚሰፋና የሚጠብ ጫማ አሳያት። «ይኼማ የወታደር ነው፣ ልጄ!» አለችው። ሁለት ቀን አኮረፈች፤ ሦስተኛው ቀን ቡናማውን መረጠች።

መልመጃውም ሥርዓት አለው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት፣ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ እየጨመሩ። በወለቀ ቁጥር እግሩ ይታያል፤ ቀይ ምልክት ካለና ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ካልጠፋ ወደ ባለሙያው መመለስ ነው። በአራተኛው ቀን መሐል እግሯ ላይ እንዲህ ያለ ቅላት አየን። ባለሙያው ጠርዙን ትንሽ ፋቀውና አስተካከለው። ተቀብሎ መሄድና ያንን ቀጠሮ መዝለል፣ በእኔ ግምት፣ ግማሹን ሥራ መተው ነው።

ያልፈታነው ቤተ ክርስቲያንን ነው። ጫማ ወልቆ የሚገባበት ቦታ ላይ የትኛውም ሶል አያገለግልም፤ ሐኪሙ ደግሞ በባዶ እግር መሄድን ጨርሶ ከልክሏታል። እማዬ በዚህ አትደራደርም። አሁን ቅዳሴውን ከነጫማዋ ቅጽሩ ውስጥ ከዛፉ ሥር ሆና ትከታተላለች። በምትቆርብበት ቀን ብቻ ወፍራም ነጭ ካልሲ አድርጋ ምንጣፍ ምንጣፉን ትገባለች፤ ስትመለስ እግሯን በመስታወት እናያለን። ሐኪሙ በዚህ ደስ አላለውም፤ እሷም አልተደሰተችም።

ቤት ውስጥም ነጠላ ጫማው ቀርቷል። ለስላሳው ንጣፍ እየተረገጠ ስለሚሳሳ በየጊዜው መታየትና መለወጥ አለበት። በሚቀጥለው ወር ስንሄድ ለቤት ጫማዋ ሁለተኛ ጥንድ እናሠራለን፤ በዋጋው ላይ የምትከራከረው እሷ ራሷ ናት።