ግራም ደጋ ቆላ አያውቅም

«ለደብረ ታቦር ሰው የመኪና ኤሲ ምን ያደርግለታል? ጉና ራሱ ኤሲ አይደለም ወይ?» ይሉኛል ወዳጆቼ። ቀልዱ ደስ ይላል፤ ነገር ግን መኪና ደጋ ላይ ብቻ አይኖርም። ዛሬ ጋሳይ ያደረ ነገ ወረታ ይወርዳል፤ ሲብስም መተማ ይዘልቃል።

የመኪናዬን ኮምፕሬሰር ሳስቀይር ያሰብሁት ይህንኑ ነው። አዲስ ኮምፕሬሰር ከገባ በኋላ ጋዝ ዝም ብሎ አይሞላም። አስቀድሞ አየሩና እርጥበቱ በቫኪዩም ፓምፕ ተስቦ ይወጣል፤ የቀረ እርጥበት ከጋዙና ከዘይቱ ጋር ሆኖ አሲድ ይፈጥርና ውስጡን ይበላል።

ከፍታው የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ የጌጁ መርፌ 30 ኢንች ገደማ ይደርሳል፤ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደብረ ታቦር ግን ፓምፑ የቱንም ያህል ቢደክም ከ22 አያልፍም። ቱቦው አፍስሶ አይደለም፤ ባቄላ ቶሎ አልበስል የሚያሰኘው ያው የደጋ ስስ አየር ነው። የሚያፈስ ከሆነ ፓምፑ ጠፍቶ መርፌው ሲመለስ ይታወቃል።

ጋዙም በጌጅ ብቻ አይሞላ። በብርድ ግፊቱ ዝቅ ስለሚል «ገና ነው፣ ጨምርበት» ያሰኛል። ያ ትርፍ ጋዝ የፎገራ ሜዳ ሙቀት ሲያገኘው ግፊቱ ይንርና አዲሱን ኮምፕሬሰር ይገድላል። መድኃኒቱ ሚዛን ነው፤ ፋብሪካው በወሰነው ግራም ልክ መዝኖ መሙላት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ መካኒክዎ ሚዛን ሲያወጣ አይቸኩሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ጋዝ ግን ከፈሰሰ አይለቀምም።