ዲስኩ አልሞተም ነበር

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ሻይም ቡናም ይዛችሁ ተቀመጡ። ግማሹ የኮምፒውተር ጉዳይ ነው፣ ግማሹ ደግሞ የራሴ ጉድ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ጎረቤታችን ላፕቶፕ በነጠላ ጠቅልለው ቤቴ መጡ። እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው፤ እማማ ነው የምላቸው፣ እዚህም እንደዛው ልጥራቸው። ትልቋ ልጃቸው ቤሩት ከሄደች ስድስት ዓመት ሆናት። ላፕቶፑን ራሷ ስትጠቀምበት ቆይታ፣ ታናሽ እህቷ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሳት ወደ አገር ቤት በሚገባ ሰው እጅ ላከችላት።

"መምህር፣ ይሄ ነገር ዐረብኛ ነው የሚያወራው። ልጅቷ ሐሙስ ግቢ ትገባለች፤ እስቲ እንግሊዝኛ አድርግልን" አሉኝ።

ከፍቼ አየሁት። ይሠራል፤ ግን በጣም ተንቀራፏል፣ በየደቂቃው አንድ ማስታወቂያ ብቅ ይላል። ቋንቋውን ብቻ ከመቀየር አዲስ ዊንዶውስ ቢጫንበት ይሻላል ብዬ ወሰንኩ። ታናሿን "ውስጡ የሚፈለግ ነገር አለ?" ብዬ ጠየቅኋት። "እህቴ ምንም የለውም፣ አጥፉት ብላለች" አለች።

"በቃ፣ አንድ ሰዓት አይፈጅም" አልኩ። ይቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ።

ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ የምጠቀምባት የዊንዶውስ 10 ፍላሽ አለችኝ። ሰካኋት፣ ማሽኑ ከፍላሽ ተነሣ፣ ቋንቋ መረጥኩ፣ ቀጥል፣ ቀጥል... ከዚያ "ዊንዶውስን የት ልጫነው?" የሚለው ገጽ ላይ ደረስኩ። ዲስኮች መደርደር ያለባቸው ቦታ ባዶ ነው። ነጭ። ከታች ምንም ድራይቭ አላገኘሁም፣ የማከማቻ ድራይቨር ለማምጣት "ሎድ ድራይቨር"ን ተጫን ይላል።

አጥፍቼ አስነሣሁ። ያው። ፍላሹን ወደ ሌላኛው ቀዳዳ አዛወርኩ። ያው። ካቻቢቴ አመጣሁና የጀርባውን ብሎን ፈታሁ፤ ዲስኩን ነቅዬ በጨርቅ ጠርጌ መልሼ ሰካሁት። ዲስኩ ያቺ እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነችው ኤስኤስዲ ናት። መለስኩ፣ አስነሣሁ። ያው ነው!

እማማ ቡና እያፈሉ በአንድ ዓይናቸው ያዩኛል። ልጅቷ ቆማለች። እኔ ደግሞ የኮምፒውተር መምህር ነኝ። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀኝ በዚህ ነው። "አላወቅሁም" ማለት ነበረብኝ። ምን አልኩ መሰላችሁ?

"ሃርድ ዲስኩ ሞቷል።"

እንደ ሐኪም፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው ያልኩት። እማማ ጀበናውን አስቀመጡ። "አሁን እየሠራ አልነበረም እንዴ ልጄ?" አሉ። "አዎ፣ እንዲህ ያደርጋል። ድንገት ነው የሚሄደው" አልኩ።

እስቲ ልብ በሉ። ፊደል ያልቆጠሩ እናት ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቁ። እኔ ዲፕሎማ ይዤ መለስኩላቸው፣ መልሱም ስህተት ነበር። ከሰዓት በፊት ሲሠራ የነበረ ዲስክ ፍላሽ ስለተሰካ ብቻ እንዴት ይሞታል?

አዲስ ዲስክ ስንት እንደሆነ ላጣራ ወጣሁ። የመጀመሪያው ሱቅ የነገረኝ ዋጋ ከወር ደመወዜ ብዙም አያንስም። እማማ ቀድመው "ከዕቁቡ አወጣለሁ፣ ግድ የለም" ብለውኛል። ዕቁቡ የልጅቷ የመንገድና የፍራሽ ገንዘብ መሆኑን አውቃለሁ። ሌላ ቦታ ልጠይቅ ብዬ አስፋልቱ ዳር ያለች አንዲት ስልክ ጥገና ቤት ገባሁ።

"ቲቸር!" አለ አንድ ልጅ ከመስታወቱ ጀርባ።

የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ቢያነበው ያፍርብኛል። የ2014 ተፈታኝ ነበር። ያን ዓመት ታስታውሳላችሁ፤ ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ገብተው የተፈተኑበት፣ በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ የሆኑበት ነው። እሱ ከቀሩት ከመቶ 96.7ቱ አንዱ ነው።

ከእሱ ጋር አንድ የቆየ ጉዳይም አለን። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ ቤተ ሙከራ ውስጥ ኤፍ 2ን ተጭኖ ባዮስ ውስጥ ገብቶ አገኘሁት። "ማሽን ልታበላሽ ነው!" ብዬ በተማሪ ሁሉ ፊት አስወጣሁት፤ ለሁለት ሳምንት ቤተ ሙከራ እንዳይገባም ከለከልኩት። እውነቱን ልናገር? ያኔ ባዮስ ራሴም እፈራው ነበር። ኮሌጅ ስንማር አስተማሪያችን "እዚህ አትግቡ" ብሎን አልፎት ነበር። እኔም ያንኑ አስተማርኩ።

የመጣሁበትን ነገርኩት። ዋጋ ይነግረኛል ብዬ ስጠብቅ ሦስት ጥያቄ ጠየቀኝ።

"ቲቸር፣ ጠዋት ይሠራ ነበር?"

"አዎ።"

"ባዮስ ውስጥ የዲስኩ ስም ይታያል?"

ዝም አልኩ። አላየሁም።

"ፕሮሰሰሩ ስንተኛ ትውልድ ነው?"

ተለጣፊዋ ላይ 11ኛ ትውልድ ኢንቴል የሚል እንዳነበብኩ ትዝ አለኝ። ፈገግ አለ። "እንግዲያው ዲስክ አይግዙ። ስድስት ሰዓት ላይ ዘግቼ እመጣለሁ" አለኝ።

መጣ። ኤፍ 2ን ተጭኖ ባዮስ ገባ። የመረጃው ገጽ ላይ የዲስኩ ስም ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ዲስኩ አለ! ማዘርቦርዱ ያየዋል። የማያየው የእኔ ፍላሽ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ እንደገባኝ ላስረዳችሁ። ኢንቴል ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ቪኤምዲ የሚባል ነገር አስገብቷል። ድሮ ዊንዶውስ ዲስኩን በቀጥታ ያገኘው ነበር። ቪኤምዲ ሲበራ ግን ዲስኩ ከእሱ ጀርባ ይሆናል። ግቢ ውስጥ ያለ ሰው እና በር ላይ የቆመ ዘበኛ በሉት። ሰውየው ቤቱ ነው፤ ግን ዘበኛውን በቋንቋው ካላናገራችሁት ማንም የለም ብሎ ይመልሳችኋል። ቋንቋው ድራይቨሩ ነው። ማሽኑ ላይ የነበረው ዊንዶውስ ድራይቨሩ ስላለው ጠዋት ያለ ችግር ሠራ። የእኔ ፍላሽ ላይ ያለው መጫኛ ግን የለውም።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ድራይቨሩን ፍላሹ ላይ ገልብጦ "ሎድ ድራይቨር" በሚለው ማስነበብ፣ ወይ ዘበኛውን ከበር ላይ ማንሣት፣ ማለትም ቪኤምዲን ባዮስ ውስጥ ማጥፋት። ልጁ ሁለተኛውን መረጠ። ግን ምርጫው ባዮሱ ውስጥ የለም። "ተደብቆ ነው" አለና "ሜይን" የሚለው ገጽ ላይ ሆኖ ኮንትሮልን እና ኤስን አንድ ላይ ተጫነ። ቪኤምዲ የሚል መስመር ከየት መጣ ሳይባል ብቅ አለ። አጠፋው፣ በኤፍ 10 አስቀምጦ ወጣ።

ከፍላሹ አስነሣን። ያ ባዶ ነጭ ገጽ በዲስክ ክፍልፋዮች ተሞላ።

እማማ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። እኔ አይጡን ያዝኩ። ክፍልፋዮቹን አጥፍቼ ልጭን ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው።

"ቲቸር፣ ቆይ" አለ ልጁ። ስክሪኑን በጣቱ አሳየኝ። "ይሄ ትልቁ ክፍልፋይ ጠቅላላው ወደ 475 ጊጋ ነው፤ ነፃ የሚለው ግን 360 አካባቢ ነው። ከመቶ ጊጋ በላይ ተይዟል። ዊንዶውስ ብቻውን ይሄን ያህል አይበላም። ምንም የለውም ያለው ማን ነው?"

ጣቴን አነሣሁ።

ተመልሰን ባዮስ ገባን፤ ቪኤምዲውን መልሰን አበራነው፤ ምክንያቱም የድሮው ዊንዶውስ የተጫነው እሱ በርቶ ስለሆነ ካልበራ ላይነሣ ይችላል። ተነሣ። በዐረብኛው መሀል በምልክቱ ብቻ የፎቶ ማህደሩን አገኘነው። በሺህ የሚቆጠር ፋይል። ልከፍተው ስል ልጁ "የሰው ነው፤ መጀመሪያ እሷን እንጠይቃት" አለ። በዚያ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ተማሪዬ አስተማረኝ።

ታናሿ በኢሞ ደወለችላት። ከሥራ ላይ ስለሆነች በሹክሹክታ ነው የምታወራው። ፎቶዎች አሉ ስንላት ዝም አለች። ከዚያ "ስልኬ ከተሰረቀ በኋላ ሁሉም ጠፋ ብዬ ነበር እኮ። አንድ ጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጬው ነበር ማለት ነው?" አለች። ቀጥላም "የአባዬ ቪዲዮ አለ? ሳይታመም የላከልኝ?" ብላ ጠየቀች።

ክፈቱት ስላለች ፈለግነው። አለ። አርባ ሰከንድ እንኳን አይሞላም። ሰውየው ደጅ ወንበር ላይ ተቀምጠው "ልጄ፣ ብርዱ በርትቷል፣ እኛ ደህና ነን፣ ስለ እኛ አታስቢ" ይላሉ። ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። እማማ ከጓዳ ድምፁን ሰምተው መጡ። ማንም ምንም አላለም። ደግማችሁ አጫውቱት አሉ። ደግመን አጫወትነው። በኢሞ በኩል ሹክሹክታው ለቅሶ ሆነ።

እኔ ያን ጊዜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጠዋት "ሞቷል" ብዬ ነበር። አዲስ ዲስክ ገዝተን ቢሆን ኖሮ ይቺን ቀጭን ዲስክ ነቅዬ የምጥላት እኔ ነበርኩ።

ፎቶውን ሁሉ በውጭ ዲስክ ገለበጥን፤ ቅጂውንም እማማ ዘንድ አስቀመጥን። ከዚያ ቪኤምዲውን አጥፍተን አዲሱን ዊንዶውስ ጫንን። አንድ ሰዓት አይፈጅም ያልኩት ሥራ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አለቀ። ልጅቷ ሐሙስ ግቢ ገብታለች። ዕቁቡም ለፍራሹ ዋለ።

እናንተም ዲስክ አልታይ ካላችሁ፣ ለቀድሞ ተማሪዎቼ ማስተማር የነበረብኝን ዘግይቼም ቢሆን ልጻፈው፦

1. ከመጫን በፊት ፋይል ይገልበጥ። ባለቤቱ ምንም የለም ቢልም በዓይናችሁ እዩ። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ባዮስ ከመነካቱ በፊት የመክፈቻ ቁልፉን ያዙ።

2. መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ እዩ። የዲስኩ ስም እዚያ ካለ ችግሩ በአብዛኛው የድራይቨር ወይም የቅንብር ነው። ከሌለ ያን ጊዜ ካቻቢቴ አንሡ፦ ኬብሉ ወልቆ፣ ዲስኩ ላልቶ፣ ወይም ከማሽኑ ጋር የማይሄድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ማስቲካ የምትመስለው ኤስኤስዲ ሳታ የሚባልም ኤንቪኤምኢ የሚባልም አላት፤ ሁሉም ቀዳዳ ሁለቱንም አይቀበልም።

3. ማሽኑ 11ኛ ትውልድ ኢንቴል ወይም ከዚያ በኋላ ከሆነ ቪኤምዲን ጠርጥሩ። አንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ በግልጽ ተቀምጧል፣ አንዳንዱ ላይ እንደኛው ተደብቋል፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ጭራሽ ማጥፋት አይቻልም። ማጥፋት ካልተቻለ የኢንቴልን የማከማቻ ድራይቨር ከላፕቶፑ አምራች ገጽ አውርዳችሁ፣ ዚፑን ፈትታችሁ ፍላሹ ላይ አድርጉና በ"ሎድ ድራይቨር" አስነብቡት።

4. የነበረውን ዊንዶውስ ማቆየት የምትፈልጉ ከሆነ ቪኤምዲን ዝም ብላችሁ አታጥፉ፤ ሰማያዊ ስክሪን ሊያመጣባችሁ ይችላል።

5. "ሞቷል" ከማለታችሁ በፊት "አላውቅም" በሉ። ይቺ በነፃ ናት።

ልጁን ስሸኘው መንገድ ላይ ይቅርታ ጠየቅሁት። ስለ ቤተ ሙከራው ማለቴ ነው። ረስቶት ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልረሳም።

"ቲቸር፣ ያኔ እኮ ሰዓቱን ላስተካክል ነበር የገባሁት። የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቆ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ቀኑ ወደኋላ ይመለስ ነበር" አለኝ።

ያ ማሽን አሁንም ቤተ ሙከራችን ውስጥ አለ። አሁንም ቀኑ የተሳሳተ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀንም ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፤ እሱንም ያኔ "ምን እያደረግህ ነው?" አላልኩትም።

ሰኞ ባትሪ ገዝቼ ገባሁ። ሳንቲም የምታክል ክብ ባትሪ ናት። አንዷን ተማሪ ጠርቼ እሷ እንድትቀይረው አደረግሁ። ከዚያ "ኤፍ 2ን ተጫኑና ግቡ፤ አትፍሩ። የምትቀይሩትን ግን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጻፉ" አልኳቸው።

ላፕቶፕ የተበላሸባችሁ የሰፈር ሰዎች እኔ ዘንድ መምጣታችሁን አልጠላም። ግን አስፋልቱ ዳር ያለችውን ስልክ ጥገና ቤትም እወቋት። ከእኔ ይሻላል።