የተቀባ ስንጥቅ

ሰው ነውሩን ከማዳን ይልቅ መሸፈን ይቀለዋል። ቍስል የሚድነው ተገልጦና ታጥቦ እንደ ሆነ የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን መግለጥ ያሳፍራል፣ ማጠብም ያማል፣ መሸፈን ግን ወዲያው ያሳርፋል። ይህን ቃል ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ለልጆች ስናገር ኖርሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ያስተማርሁት አስቀድሜ፣ የተማርሁት በኋላ ነው። ያስተማረኝም አንድ ትልቅ ሊቅ አይደለም፤ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ነው። አንባቢዬ ሆይ፥ ነገሩ ትንሽ ነው ብለህ እንዳትንቀው አደራ እላለሁ።

የምኖረው በአሰላ ከተማ ነው። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች፣ ስንዴና ገብስ የከበባት ብርዳም ከተማ ናት። ፊደል የቈጠርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ የሒሳብ መምህራችን አንድ ጥብቅ ሥርዓት ነበራቸው፤ ይኸውም ተማሪ ሲሳሳት በላጲስ እንዲያጠፋ አይፈቅዱም ነበር። ስሕተቱን በአንድ ቀጭን መስመር ሰርዞ ትክክለኛውን ከጎኑ እንዲጽፍ ያዙታል። «የሰረዝኸውን ካላየሁ የት እንደ ሳትህ አላውቅም፤ አንተም አታውቅም» ይሉን ነበር። እኛ ግን ደብተራችን ንጹሕ እንዲመስል ስለምንፈልግ ሳያዩን ጣታችንን በምራቅ እያራስን እንፍቅ ነበር። ወረቀቱም እየሳሳ ይቀደዳል፤ ለተቀደደው ደግሞ ሌላ ውሸት እንፈልጋለን።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የመጀመሪያው አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ብዙ ዓይነት መኪና በመንገዳችን ላይ አልፏል፤ እንደ ቮልስዋገን ለመምህርና ለመንግሥት ሠራተኛ ወዳጅ የሆነ ግን እኔ አላየሁም። ሕዝቡ በቍልምጫ «ቮልስ» ይላታል። ሞተሯ በስተኋላ ነው፤ የምትበርደውም በአየር ስለ ሆነ ውሃ አትጠይቅም። የመጨረሻዋ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ እስክትሠራ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። እኔም በ1962 ዓ.ም. የተሠራች አንዲት ቮልስ በ1985 ዓ.ም. ከደመወዜ ባጠራቀምሁት ገንዘብ ገዛሁ።

በ1989 ዓ.ም. በጀርመን አገር ይኖር የነበረው ታናሽ ወንድሜ አራት የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ላከልኝ። እነዚህን ቸርኬዎች የምወድዳቸው ስለ ውበታቸው ብቻ አልነበረም፤ ወንድሜ ከዚያ ወዲህ አገሩን ሳያይ ስላረፈ፣ ከእጁ የቀረልኝ እነርሱ ብቻ ስለ ነበሩ ነው። የአሉሚኒየም ቸርኬ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ቡጋቲ የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1924 በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ለተደረገው ውድድር ያሰለፋቸው መኪናዎች የሮጡት በአሉሚኒየም ቸርኬ ነበር። አሉሚኒየም በመጠን እኩል ከሆነ ብረት ጋር ሲመዘን አንድ ሦስተኛውን ያህል ብቻ ይከብዳል። ብቻውን ለስላሳ ስለ ሆነ ግን እንደ ሲሊኮንና ማግኒዥየም ያለ ነገር ይጨመርበትና፣ በሙቀት ታክሞ ይጠነክራል።

በእነዚያ ቸርኬዎች አስፋልት ባልደረሰበት የጠጠር መንገድ ብዙ ተመላለስሁ። ወደ በቆጂና ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች ስሄድ የፈተና ወረቀት ጭኜባታለሁ፤ ባልደረቦቼንና ልጆቻቸውን አሳፍሬባታለሁ። በ2000 ዓ.ም. ግን መለዋወጫ ስላስቸገረኝ መኪናዪቱን ከቤቴ ጓሮ በቆርቆሮ ጥላ ሥር አቆምኋት። በዚያው ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዶሮ እየሰፈረባት ቆየች።

በ2016 ዓ.ም. ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከቸርኬዎቹ እንጀምር ብዬ ተነሣሁ። ረዳቴ የጎረቤቴ ልጅ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ጎሚስታው ጎማዎቹን አወለቀልን፤ እኛም የደረቀውን ጭቃ በሳሙናና በብሩሽ አጠብን። አሮጌውን ቀለም ለማንሣት ልጁ፥ «ጋሼ፣ በኮስቲክ ሶዳ ብንዘፈዝፈው በአንድ ሌሊት ይለቅ የለም?» አለኝ። መልሱን በቃል ከመንገር ይልቅ ቁራጭ የአሉሚኒየም ድስት ክዳን በብርጭቆ ውስጥ አድርጌ ጥቂት ኮስቲክ ሶዳ የተበጠበጠበት ውሃ አፈሰስሁበት። ወዲያው አረፋ አረፋ አለ፤ ክዳኑም ጠቆረ። ኮስቲክ ሶዳ የብረትን ቀለም ቢያነሣም አሉሚኒየምን ግን ራሱን ይበላዋል፤ አረፋው ውስጥ ያለውም ሃይድሮጂን ስለ ሆነ እሳት አጠገብ አደጋ ነው። ስለዚህ አጭሩን መንገድ ትተን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ያዝን።

ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። የብርጭቆ ወረቀት ቁጥሩ በጨመረ መጠን አሸዋው ይደቅቃል። በ120 ጀምረን በ240፣ ከዚያም በ400፣ በመጨረሻ በ600 ውሃ እያጠቀስን ፋቅን። እያንዳንዱ የሚያጠፋው ከእርሱ በፊት ያለው የተወውን ጭረት ነው፤ አንዱን የዘለለ ሰው ጭረቱ በቀለሙ ሥር ሆኖ ይታዘበዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ቀለም የመቀባቱም ነገር ቀላል አልነበረም። ወራቱ የውቂያ ወራት ስለ ሆነ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከየአውድማው ገለባ ያመጣል፤ ጧት ደግሞ የአሰላ ብርድ ቀለሙን አያደርቀውም። ስለዚህ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቀትር ላይ ብቻ እንቀባ ነበር። ቡሎኑ የሚያርፍበትን ቀዳዳ ሳንቀባ ተውነው፤ በዚያ ቀለም ከወፈረ በጉዞ ጊዜ ይደቅቅና ቡሎኑ ይላላልና።

ሦስቱ ቸርኬዎች እንዳለቁ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሰው ወሬ ሰምቶ ሊያያቸው መጣ። እርሱም አሮጌ ቮልስ ነበረችው፤ ሰንበት ሰንበት ቤተ ሰቡን ይዞ የሚወጣባት ናት። ለአራቱ 40 ሺህ ብር እሰጣለሁ አለኝ። ልቤ አመነታ። የቤቴ ጣሪያ ግን ቆርቆሮው ዝጎ ያፈስስ ነበርና ባለቤቴ፥ «ወንድምህ ቢኖር ቸርኬውን ከማየት አንተ ከዝናብ ስትድን ማየት ይወድ ነበር» አለችኝ። መኪናዪቱም ዱሮ የመጣችበት የብረት ቸርኬ አልጠፋም። ተስማማሁና 5 ሺህ ብር ቀብድ ተቀበልሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አራቱንም ሊወስድ ተቃጠርን።

አራተኛውን ስንፍቅ፣ በስተ ኋላው በኩል ከመካከሉ ወደ ዙሪያው ከሚሄዱት ክንዶች በአንዱ ሥር የብርጭቆ ወረቀቱ ድምፁ ተለወጠ። ዱቄቱም ግራጫ መሆኑ ቀርቶ ነጣ። ስቱኮ ነበር። ስቱኮውን ካነሣን በኋላ አንድ የቆየ ብልሃት ለልጁ አሳየሁት፤ ዱሮ በባቡር መጠገኛ ቤቶች ይሠሩበት የነበረ ነው። ቦታውን ላምባ ቀባን፣ ጥቂት ቆይተን በጨርቅ ፈጽመን ወለወልነው፤ ከዚያም ጠመኔ ፈጭተን ነሰነስንበት። ላምባ ቀጭን ስለ ሆነ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ ጠመኔው ደግሞ መልሶ ይመጠዋል። ብዙም ሳይቆይ በነጩ ጠመኔ ላይ ጣት የሚያህል ጠቆር ያለ መስመር ወጣ። ዕድሜዬን በሙሉ የሌላውን ስሕተት ያረምሁበት ጠመኔ የእኔን አወጣው።

የእኔ ነው ያልሁት አላግባብ አይደለም። ስቱኮው ማን እንዳስደረገው ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። በ1998 ዓ.ም. በገጠር መንገድ ላይ ድንጋይ መታኝ። ያየልኝ ሠራተኛ፥ «ይህ ተሰንጥቋል፤ ቢለውጡት ነው የሚሻለው» ብሎኝ ነበር። በማግሥቱ ጉዞ ነበረብኝ፤ የወንድሜንም ስጦታ መጣል አልወደድሁም። «እስቲ ለጊዜው ሙላና ቀባልኝ» አልሁት። እርሱም ሞልቶ ቀባልኝ። ለጊዜው የተባለው ሁለት ዓመት ሆነ፤ በዚያም ሁለት ዓመት የሰው ልጆች አሳፍሬ ቁልቁለት ወረድሁ። ቀለሙ ከሌላው ሰው በፊት ያታለለው እኔን ነው፤ ስንጥቁን ሲሸፍንልኝ ከማስታወሻዬም አጠፋልኝ። በነዚያ መንገዶች ላይ አለመሰበሩ የአምላክ ቸርነት ነው እንጂ የእኔ ጥንቃቄ አይደለም።

እንግዲህ ይህን ካወቅሁ በኋላ ወዲያው ትክክለኛውን አደረግሁ ብዬ ብጽፍ ይህ ጽሑፍ ራሱ የተቀባ ስንጥቅ ይሆናል። ሁለት ሌሊት ከራሴ ጋር ተሟገትሁ። ላስበይደው ብዬ አሰብሁ፤ ነገር ግን የብየዳው እሳት ቸርኬው በሙቀት ታክሞ ያገኘውን ጥንካሬ በዚያው ቦታ እንደሚያጠፋው አውቃለሁ። ሰውየው በዝግታ ለሽርሽር ብቻ ነው የሚነዳው አልሁ። ስንጥቅ አለበት ወይ ብሎ መች ጠየቀኝ አልሁ። ከቀብዱም 2 ሺህ ብሩን ለጣሪያው እንጨት አውጥቼበታለሁ አልሁ። ምክንያቴ ሲበዛ በደሌ እንደሚገለጥ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ነግሬ ይሆን!

በሦስተኛው ቀን ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እንደ ልማዱ ብሩሹን አነሣና፥ «ጋሼ፣ ይህንንም ልቀባው?» አለኝ። ሊወቅሰኝ ብሎ አይደለም። ስንጥቁን ከእኔ ጋር አይቶታል፤ ገዢው ቅዳሜ እንደሚመጣም ያውቃል። ትእዛዜን ብቻ ይጠብቅ ነበር። ቀባው ብለው ይቀባል፤ ሥራ ማለት እንዲህ ነው ብሎም ይዞት ይሄዳል። በክፍል ውስጥ ስለ እውነት የተናገርሁት ሁሉ ቢረሳ አይደንቅም፤ የዚያን ዕለት መልሴን ግን እንደማይረሳ አወቅሁ። «ተወው፣ ልጄ፤ ይህ አይቀባም» አልሁት።

ለገዢው ስልክ ደውዬ ነገሩን ከነ ምክንያቱ ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፥ «ስለ ነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ ግን ሦስቱን ብቻ ምን አደርጋቸዋለሁ?» አለ። እውነቱን ነው። ቀብዱን ለመመለስ የጎደለውን 2 ሺህ ብር ከዕቁብ ጓደኛዬ ተበደርሁ። ሰውየው ከዚያ ወዲህ አልደወለልኝም፤ ሊደውልልኝም የሚገባው ነገር የለም። ባለቤቴ በመጀመሪያ ከፋት፤ ኋላ ግን በ1998 ዓ.ም. በዚያ ቸርኬ እርሷም ተሳፍራ እንደ ነበር ስታስብ ዝም አለች።

የተሰነጠቀውን ቸርኬ እንዳለ ለቆራሌው ብሰጠው ሌላው ገዝቶ ሞልቶ ቀብቶ እንደሚሸጠው ስላሰብሁ፣ ከልጁ ጋር ሆነን በመጋዝ ለሁለት ቆረጥነው። መቁረጡ ከመፋቁ ይልቅ ከብዶኝ ነበር፤ የወንድሜ ስጦታ ነውና። አንዱን ቁራጭ ልጁ የላምባውንና የጠመኔውን ብልሃት ለክፍል ጓደኞቹ ሊያሳይ ወሰደው። ሌላው ከቆራሌው እጅ አልፎ፣ እንደዚህ አገር አሮጌ አሉሚኒየም ሁሉ፣ ቀልጦ ድስት ሆኖ ይሆናል። ድስት መሆንም ክብር ነው፤ ሰው አይገድልም።

አንባቢዬ ሆይ፥ ማደስን ነቀፈ እንዳትለኝ። አሮጌን ነገር ማደስ መልካም ሥራ ነው፤ ሦስቱ ቸርኬዎች ዛሬም እንደ መስተዋት ያበራሉ። ነገር ግን ማደስና መሸፈን በዓይን ሲያዩአቸው መንታ ይመስላሉ። የሚለያዩት ከቀለሙ በፊት በተሠራው ሥራ ነው። ቀለም ንጹሑን ሊጠብቅ እንጂ የተሰነጠቀውን ሊሸሽግ አልተሠራም። በሰውም ዘንድ እንደዚሁ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ተጣልተው ሽማግሌ ሲያስታርቃቸው ድንበሩ ሳይለካ በጉ ከታረደ፣ በሚቀጥለው የእርሻ ወራት ጠቡ ብሶ ይመጣል። አባት የልጁን ሌብነት ከደበቀ፣ መምህርም ያልተማረውን ልጅ በማርክ ካሳለፈ፣ ሁለቱም የራሳቸውን ዕረፍት ገዙ እንጂ ለልጁ አልራሩለትም። እኔም እንዲህ ያደረግሁበት ጊዜ ነበረ፤ እነዚያ ልጆች ዛሬ በየትኛው ቁልቁለት ላይ እንደሚሄዱ ሳስብ እንቅልፍ ይነሣኛል።

ስለዚህ የምመክርህ ይህን ነው። የደበቅኸው ነገር ካለ፣ ሌላ ሰው ተማምኖ ሳይሳፈርበት ጠመኔህን አውጣ። ስሕተትህን በአንድ ቀጭን መስመር ሰርዘህ ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፍ። ዋጋ አያስከፍልህም ብዬ አልዋሽህም፤ ይህን ስጽፍ ዝናብ እየዘነበ ነው፣ ከጣሪያዬም የሚወርደው ጠብታ ከወለሉ ላይ ያኖርነውን ሳፋ ሊሞላው ተቃርቧል። ተነሥቼ ልድፋው።