አንድ ትኬት

ሜልበርን ስገባ ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና የአርሴናል ማሊያ ነበረ። በርበሬው ኤርፖርት ላይ ትንሽ አከራከረን፤ ማሊያውን ግን ዞር ብሎ ያየው የለም። የሳቀበት ወንድሜ ነው። ወንድምጋሼ (ከልጅነቴ የምጠራው እንዲህ ነው፤ በስሙ ብጠራው እናታችን አዲስ አበባ ሆና ትሰማኛለች) ማሊያውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ "እዚህ ሰፈር ይሄ አይሠራም" አለኝ።

ሰፈሩ ፉትስክሬይ ነው፤ ከሜልበርን መሀል ከተማ በስተምዕራብ። የድሮ የፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር ነው። ዛሬ ኒኮልሰን ጎዳና ላይ ስትሄዱ የሚቆላ ቡና ይሸታችኋል፤ ከቬትናሞች ሾርባ ቤት ብዙም ሳትርቁ ክትፎ ታገኛላችሁ። የሰፈሩ ቡድን ዌስተርን ቡልዶግስ ይባላል። እስከ 1996 ስሙም ፉትስክሬይ ነበር። (ዓመቱን በፈረንጅ፣ ቀኑን በሐበሻ እየቀላቀልኩ ባወራችሁ ታገሱኝ፤ ስደት እንዲህ ያደርጋል።)

ጨዋታው የአውስትራሊያ ፉትቦል ነው። የመጀመሪያ ቀን ሳየው የሰፈር ጠብ መስሎኝ ነበር። ሜዳው እንቁላል፣ ኳሱም እንቁላል። በየወገኑ 18 ሰው፤ ኳሱን በእጅ መያዝም፣ መለጋትም፣ በቡጢ መትቶ ማቀበልም ይቻላል። ጎሉ መረብ የለውም፤ አራት ቋሚ ብቻ ነው። በመሀለኞቹ ሁለቱ መካከል የለጋ 6 ነጥብ ያገኛል፤ ትንሽ ስቶ በጎን ያሳለፈ ደግሞ 1። ስተህ ነጥብ የሚሰጥህ ጨዋታ! ለአርሴናል ደጋፊ ከዚህ በላይ ምን ማባበያ አለ?

ቡልዶግስን መደገፍ ግን ማባበያ የለውም። እኔ ስደርስ ዋንጫ የበሉት አንዴ፣ በ1954 ብቻ ነበር። በ1961 ለፍጻሜ ደርሰው ተሸነፉ፤ ከዚያ ወዲያ ሰባት ጊዜ የፍጻሜው ደጃፍ ላይ ደርሰው ሰባቱንም ጊዜ ተመለሱ። በ1989 ጭራሽ ክለቡን ከሌላ ክለብ ጋር ሊቀላቅሉት ሲሉ ደጋፊው በየቤቱና በየመንገዱ ገንዘብ ለምኖ አተረፈው። ወንድምጋሼ ይህን ሲያወራ የተወለደበትን ቀበሌ ታሪክ የሚተርክ ነው የሚመስለው። ከሰባቱ ሽንፈት ሦስቱን፣ ማለትም የ2008፣ የ2009 እና የ2010ን፣ በዓይኑ አይቷል። በተከታታይ! ሰው ከዚህ በኋላ እንዴት የአባልነት ካርዱን ያሳድሳል? እሱ አሳደሰ። እኔ ስመጣ ደግሞ የኔንም ከፈለ።

የሱ ሰው አምበሉ ቦብ መርፊ ነው። ከ2000 ጀምሮ በአንድ ክለብ የኖረ፣ ቀጠን ያለ፣ ጋዜጣ ላይ ዓምድ የሚጽፍ ተጫዋች። (ስለዚህ በከፊል የኛ ሰው ነው።) በ2016 የውድድሩ ሦስተኛ ጨዋታ፣ ሚያዝያ 2 ቀን፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን ከሆነው ከሆውቶርን ጋር ገጠምን። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መርፊ ዘሎ ሲወርድ ጉልበቱን ይዞ ተቀመጠ። የጉልበቱ ጅማት ተበጥሷል። ዕድሜው 33 ነው፤ ዓመቱ አበቃለት። በ3 ነጥብ ተሸነፍን፤ ሽንፈቱ ግን ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

በሁለት ሳምንቱ ወንድምጋሼ የሚሠራበት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሳ ወገቡ ቀጭ አለ። ዲስክ ነው አሉ። ስለ አሠሪዎቹ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ዛሬ አልልም። ብቻ ለወራት ሳሎን ምንጣፍ ላይ በጀርባው ተኝቶ ቴሌቪዥኑን በግማሽ ዓይን ሲያይ ከረመ። እኔ ስታዲየም ሄጄ እመለሳለሁ፤ ካሜራው ደግሞ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከዳር የሚያየውን መርፊን ደጋግሞ ያሳያል። "አታሳዩት" ይላል ወንድምጋሼ ለቴሌቪዥኑ፣ በአማርኛ።

ከ18 ቡድን ሰባተኛ ሆነን ጨረስን፤ 15 አሸንፈን 7 ተሸንፈን። ያኔ ከላይ ስምንቱ ወደ ጥሎ ማለፍ ይገቡ ነበር፤ ከሰባተኛነት ተነስቶ ዋንጫ የበላ ግን እስከዚያ በታሪክ አልነበረም። ጳጉሜ 3 ፐርዝ ድረስ ሄደው ዌስት ኮስትን በ47 ነጥብ ጠረጉት። መስከረም 6 ሆውቶርንን በ23። መስከረም 14 ሲድኒ ላይ ጂደብሊውኤስን በ6 ነጥብ ብቻ፤ ያን ቀን ከዚህ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ የሄደው ሕዝብ ብዙ ነው። የመጨረሻው ሳይረን ሲነፋ ወንድምጋሼ ከምንጣፉ ዘሎ ተነሳ፣ እዚያው ቆሞ ቀረ፣ መልሼ ያስተኛሁት እኔ ነኝ። ያለቅስ ነበር፤ ከወገቡ ይሁን ከኳሱ አልጠየቅኩትም።

በዚያ ሳምንት የፍጻሜው ትኬት ለሱ ወጣለት። አንድ። ለኔ አልወጣልኝም።

"ሦስት ሰዓት መቀመጥ አልችልም፤ አንተ ሂድ" አለኝ።

እንግዲህ ወጉን ታውቁታላችሁ። እንዲህ ሲባል "ኧረ አይሆንም" ይባላል፤ በሞቴ፣ በሞቴ ይባባሉና በስንት ግዝት ነው የሚቀበሉት። እኔ "እሺ" አልኩ። ወዲያው። እጄ ከአፌ በፊት ነው የተዘረጋው።

መስከረም 21፣ በግሸን ማርያም ቀን፣ ኤምሲጂ የሚባለው ትልቁ ስታዲየም ውስጥ ከ99,981 ሰው አንዱ ነበርኩ። ተጋጣሚያችን ሲድኒ ስዋንስ። አራተኛው ሩብ ላይ ልዩነቱ ጠብቦ ትንፋሽ ሲያጥረን ቶም ቦይድ ከሩቅ ለጋት፤ ኳሷ መሬት ነጥራ፣ ቀጥ ብላ ገባች። 89 ለ67። ከጎኔ የማላውቃቸው ሽማግሌ አንገቴን አንቀው ያዙኝ። የጨዋታው ኮከብ ደቡብ አፍሪካ የተወለደው ጄሰን ጆሃኒሰን ሆነ፤ እንግዲህ ያን ዕለት አፍሪካ በሙሉ የኛ ናት።

ከዚያ ሽልማት ተጀመረ። አሠልጣኙ ሉክ ቤቨሪጅ ሜዳሊያውን ተቀበለና መርፊን ወደ መድረኩ ጠራው። የገዛ ሜዳሊያውን አውልቆ አንገቱ ላይ አጠለቀለት። ስታዲየሙ ጮኸ። እኔም ጮህኩ፤ ግማሽ ጩኸት ላይ ግን ድምፄ ቆመ፤ እጄ ኪሴ ውስጥ ያለውን ትኬት እየጨመደደ ነበር።

ቤት ስደርስ ወንድምጋሼ በሩን ተደግፎ ቆሟል።

"የቤቨሪጅን ነገር አየህ?" አልኩት።

"አየሁ። መርፊን ግን አየኸው?"

"አለቀሰ።"

"አልተጫወተማ" አለኝና ወደ ኩሽና ገባ።

መርፊ ሜዳሊያውን ለራሱ አላስቀረም፤ በኋላ መለሰው። በ2017 312 ጨዋታ ተጫውቶ ጫማውን ሰቀለ፤ በተጫዋችነት ዋንጫ ሳይበላ።

እኔም ትኬቱን ወንድምጋሼ መሳቢያ ውስጥ፣ ከፓስፖርቱ ጋር አስቀመጥኩለት። በሳምንቱ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ አገኘሁት። መልሼ መሳቢያው ውስጥ ከተትኩ። አሁንም ጃኬቴ ውስጥ። አንድም ቀን አላወራንበትም።

በ2017 ወገቡ ተሻለው፤ ሁለታችንም ካርድ አሳደስን። የታጠፈ ብርድ ልብስ ከጀርባው አድርጎ ይቀመጥ ነበር። ሻምፒዮኖቹ ቡልዶግስ በዚያ ዓመት አሥረኛ ወጡ፤ ጥሎ ማለፉንም አልደረሱበት። ወንድምጋሼ ሜልበርን ላይ ከተደረጉት ጨዋታዎች አንድም አላመለጠውም።