ወረዳዎ የለችም

ባለፈው ሰሞን ለአንድ ጉዳይ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ኮምፒዩተሩ ላይ ያቀረቀረው ወጣት ወረቀቴን ተቀብሎ ጥቂት ፈለገና ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ወረዳዎ የለችም።»

«የት ሄደች?»

«እኔ እንጃ! ኦሞ ሸለቆ የሚል አያመጣልኝም።»

እኔ የሙዱላ ልጅ ነኝ። የአባቴ ቤት ከነእንሰት ጓሮው ስንዝር ታህል አልተነቃነቀም። አድራሻው ግን እንደ ዘላን ሲዞር ነው የኖረው። በአባቴ አሮጌ ወረቀት ላይ «ሸዋ ክፍለ ሀገር፣ ከምባታና ሐዲያ አውራጃ» ይላል። በእኔ ላይ «ከምባታ፣ አላባና ጠምባሮ ዞን፣ ኦሞ ሸለቆ ወረዳ»። አላባ ከዞኑ ወጣች፤ ኦሞ ሸለቆም ሀደሮ ጡንጦና ጠምባሮ ተብላ ለሁለት ተከፈለች። ታናሽ እህቴ «ከምባታ ጠምባሮ ዞን፣ ጠምባሮ ወረዳ» ሆነች። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተና የእህቴ ልጅ የ«ጠምባሮ ልዩ ወረዳ» ተወላጅ ሆኖ አረፈው። አንድ ቤት፣ አራት አድራሻ!

መሬቱ ግን ያው ነው። በሰሜን ሐዲያ፣ በደቡብ ወላይታ፣ በምሥራቅ ሀደሮ ጡንጦ። በምዕራብ ቁልቁል ወደ ቆላው ሲወርዱ ኦሞ፣ ከኦሞ ማዶ ዳውሮ። በ2004 ዓ.ም. ግድም ዝንጅብላችንን ያጠወለገው በሽታ ሲመጣ የማንንም ወሰን አልጠየቀም፤ የወላይታውንም የእኛንም ማሳ እኩል ነው የጨረሰው።

እንዲህ ስል መከፋፈሉን እየነቀፍኩ እንዳይመስላችሁ። ልዩ ወረዳ ማለት በዞን በኩል ሳይዞሩ በቀጥታ ከክልል ጋር መነጋገር ማለት ነው። ለማህተም ዱራሜ ድረስ የተንከራተተ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ታዲያ የአዲሱ ክልል ቢሮዎችም በተለያዩ ከተሞች የተከፋፈሉ ናቸውና ዛሬ ባለጉዳዩ «የእኔ ቢሮ የትኛው ከተማ ነው?» ብሎ መጠየቁ አልቀረም።

ጀርመኖች የተገላቢጦሹን ነው የሠሩት። የገጠር አስተዳደር ወረዳቸውን ላንድክራይስ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ምዕራብ ጀርመን ወጪ ለመቀነስ ብላ 425 የነበሩትን አዋህዳ 237 አደረገቻቸው። የፈረሱት ወረዳዎች ፊደላት ከመኪና ታርጋም ቀሩ። ሰዉ ግን አልረሳም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሕጉ ሲላላ ብዙ ሰው የድሮ ወረዳውን ፊደል መልሶ መኪናው ላይ ለጠፈ። ወረዳ በአዋጅ ይፈርሳል፤ ከሰው ልብ ለማውጣት ግን አዋጅ አይበቃም።

የእኔ ቅሬታ አንድ ብቻ ነው። መንግሥት የወረዳ ስም ሲለውጥ የቀድሞውን ከአዲሱ ጋር የሚያስተሳስር መዝገብ አብሮ ይስጠን። ስሙን የለወጠው እሱ፣ ማስረጃ አምጣ የሚባለው ገበሬ፤ ይሄ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

ወጣቱ ደግ ልጅ ነበር። ከዝርዝሩ መጨረሻ «ሌላ» የሚል አገኘና እሱን ጫነልኝ። ማታ ለአባቴ ደውዬ ጉዳዬ ማለቁን ነገርኩት።

«ተመስገን! ታዲያ የት ወረዳ ብሎ ጻፈህ?»

«‹ሌላ› ብሎ።»

አባቴ ጥቂት ዝም አለ። «እንግዲህ ደግሞ የእሱ ዋና ከተማ የት ይሆን?» አለኝ።