ስለ ፈጣን ራውተርና በላፕቶፕ ውስጥ ስላለችው ትንሽ ካርድ

በዛሬው ጊዜ ኢንተርኔት እንደ ውሃና እንደ መብራት ከቤት ወጪዎች አንዱ ሆኖ ተቈጥሯል። ለልጆች ትምህርት፣ በሩቅ አገር ካሉ ዘመዶች ጋር ለመነጋገር፣ ለባንክ ጉዳይም ሳይቀር የሚያስፈልግ ስለ ሆነ፣ ቤት የሚያስተዳድር ሁሉ ስለ አሠራሩ ጥቂት ቢያውቅ ይጠቀማል፤ ይልቁንም ገንዘቡን ከማውጣቱ አስቀድሞ።

ኢንተርኔቱ ሲዘገይ ብዙዎች በመጀመሪያ የሚያስቡት ራውተሩን መለወጥ ነው። ራውተር ማለት ከውጭ የሚመጣውን መስመር ተቀብሎ በቤት ውስጥ ላሉት መሣሪያዎች ያለ ሽቦ የሚያከፋፍል ሣጥን ነው። እኛም አሮጌው በመብራት መቈራረጥ ስለ ተቃጠለብን፣ በ2016 ዓ.ም. ክረምት «ዋይ ፋይ 6» የሚባለውን ዐይነት ገዛን። ስልኮቻችን ወዲያው ፈጠኑ፤ የታላቋ ልጃችን ላፕቶፕ ግን እንደ ነበረ ቀረ።

ልጅቱ የሂሳብ አያያዝ ትምህርት በኢንተርኔት የምትከታተል ናት። ትምህርቱ የሚሰጠው ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ፣ ይኸውም በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ያለው ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ ኢንተርኔቱን በሚከፍትበት ሰዓት ነው። የመምህሩ መልክ በስክሪኑ ላይ ደርቆ ይቀራል፤ ድምፁም እየተቈራረጠ ይጠፋል። ፈተናው ስድስት ሳምንት ቀርቶታል፤ በፈተናው መካከል መስመር የተቋረጠበት ተማሪም ወረቀቱን እንዳስረከበ ይቈጠርበታል። አጎቷ ነገሩን ሰምተው «ይህ ላፕቶፕ አርጅቷል፤ ዐዲስ ግዙላት እንጂ!» ብለው መከሩን። በእጃችን የነበረው ገንዘብ ግን ለታናሽ ወንድሟ የትምህርት ቤት ክፍያ የተቀመጠው ብቻ ነበረ።

ነገሩን እንድንመረምር ያነሣሣን ራሷ ልጅቱ የተናገረችው ቃል ነው። «ራውተሩ አጠገብ ሆኜ ስሞክረውም ያው ነው» አለችን። እንግዲያስ ጥፋቱ የርቀት አይደለም ማለት ነው። በዚያው ምሽት፣ በዚያው ወንበር ላይ፣ ስልኩንና ላፕቶፑን ጐን ለጐን አድርገን ፍጥነታቸውን ለካን። የምንከፍልበት መስመር በሴኮንድ 25 ሜጋቢት ነው፤ ስልኩ ሙሉውን ሲያገኝ ላፕቶፑ ያገኘው 6 ብቻ ሆነ። ቀጥለን ላፕቶፑን በገመድ ከራውተሩ ጋር ስናገናኘው እርሱም 25 አገኘ። መስመሩ ደኅና ነው፤ ላፕቶፑም ደኅና ነው፤ የደከመችው በውስጡ ያለችው የዋይ ፋይ ካርድ ናት። (ገመድ መዘርጋት ለሚችል ቤት ከገመድ የሚሻል የለም። እኛ ዘንድ ራውተሩ እንግዳ በሚቀመጥበት ሳሎን፣ የልጅቱም ጠረጴዛ በመኝታ ክፍል ስለ ሆነ አልተመቸንም።)

ጋኑ እስከ አፉ ቢሞላም ሰው የሚጠጣው በያዘው ዋንጫ ልክ ነው። ራውተርና ላፕቶፕም ሲገናኙ የሚነጋገሩት ሁለቱም በሚያውቁት ሥርዐት ብቻ ስለ ሆነ፣ ዐዲሱ ለአሮጌው ሲል ዝቅ ይላል። የልጃችን ካርድ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ ዛሬ «ዋይ ፋይ 4» የሚባለውን ሥርዐት የምትከተል ነበረች። ሁለት አንቴና ያላት ስለ ሆነ በተለመደው የሞገድ ስፋት እስከ 144 ሜጋቢት ትደርሳለች፤ በተግባር የሚገኘው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

አስተዋይ አንባቢ «ከውጭ የሚገባው 25 ከሆነ፣ 144 እንዴት አይበቃም?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አየሩ ባዶ ቢሆን ኖሮ በበቃ ነበር። ያቺ ካርድ የምታውቀው 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን ሞገድ ብቻ ነው፤ በዚህም ሞገድ ላይ እርስ በርሳቸው ሳይነካኩ ሊሠሩ የሚችሉት መተላለፊያዎች ሦስት ብቻ ናቸው። በአንድ ሕንፃ ላይ ያሉ የጎረቤት ራውተሮች ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ሲሻሙ፣ ምሽት ላይ ምን እንደሚተርፍ መገመት አያዳግትም። የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ግን ሰፊ ነው፤ ስልኩም የተሻለው በዚያ ስለሚሄድ ነበረ። ስለዚህ የሚያስፈልገን በካርቶን ላይ የተጻፈው ትልቅ ቍጥር ሳይሆን ወደዚህ ሞገድ መግባት ነበረ። በራውተራችን ካርቶን ላይ «3000» ተጽፎበታል፤ ይህም የሁለቱ ሞገዶች ድምር፣ 574 እና 2402 ተደምሮ ተጠጋግቶ ነው። አንድ ላፕቶፕ በአንድ ጊዜ በአንዱ ሞገድ ስለሚገናኝ ድምሩን አያገኘውም። የሻጮች ሂሳብ እንዲህ ነው።

ካርዷን ለመግዛት ስንሄድ ሻጩ መጀመሪያ ያወጣልን የኢንቴልን «ኤ ኤክስ 201» ነበር። ከ«ኤ ኤክስ 200» ጋር መልካቸው አንድ ነው፤ ነገር ግን 201 እና 211 የሚሠሩት፣ የሥራቸውን ከፊል በውስጣቸው ለያዙት ለተወሰኑ የኢንቴል ላፕቶፖች ብቻ ነው። በቀረው ላይ ቢተክሏቸው አይታወቁም። ለእኛ የተስማማው «ኤ ኤክስ 210» ሆነ፤ መጠኑ 22 በ30 ሚሊ ሜትር ነው። የአሮጌ ላፕቶፖች ማስገቢያ ቅርፁ ሌላ ስለ ሆነ ክዳኑን ከፍቶ ማየት ግድ ነው። ካርዱ ከማዘር ቦርዱ ጋር የተበየደበት ላፕቶፕም አለ፤ ፋብሪካው ከመዘገባቸው በቀር ሌላ ካርድ የማይቀበልም አለ። ለእነዚህ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ መቀበያ ይገዛል። የካርዱ ዋጋ ከዐዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ሃያ እጅ አንዱ ያህል ነው።

ሥራው ከግማሽ ሰዓት አላለፈም። ካርዱ ከወጣ በኋላ ከኢንተርኔት ማውረድ ስለማይቻል፣ ልጅቱ የዐዲሱን ካርድ ድራይቨር አስቀድማ በፍላሽ ያዘች። ላፕቶፑን አጥፍታ፣ ክዳኑን በካቻቢቴ ፈትታ፣ የባትሪውን ገመድ ነቀለች። ካርዱን የያዘው አንድ ብሎን ብቻ ነው። የሚያስቸግሩት ጥቍርና ነጩ የአንቴና ሽቦዎች ናቸው፤ ጫፋቸው ከጤፍ ብዙም ስለማይበልጥ በጥፍር ቀጥ ብሎ እስኪገጥም መጫን ያስፈልጋል። አዘንብሎ የጫነው ሰው ጫፉን ያጣምመዋል።

ላፕቶፑ ሲበራ የግንኙነቱን ፍጥነት 1201 ብሎ አሳየ፤ በዚያው ምሽት ከ2 ሰዓት በኋላ ስንለካው ከውጭ የሚያገኘው 24 ሆነ። አጎቷ ይህን ሰምተው «ከ1201 ውስጥ 24 ብቻ?» ብለው ሳቁ፤ ልጅቱ ግን የመምህሩን ድምፅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማች።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ እንደ 2.4ቱ ግድግዳ አያልፍም፤ የመኝታ ክፍሉ በር ሲዘጋ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ጠረጴዛዋን ከመስኮቱ ሥር አንሥተን በበሩ አጠገብ አኖርነው፤ ፈተናዋንም በነሐሴ መጨረሻ እዚያው ተቀምጣ ጨረሰች። የወንድሟ ክፍያ በመስከረም ተከፈለ።